የክሴናኪስን «ሜታስታሲስ» ሰማሁ። ሙዚቃ ነው ወይስ ስልኬ ተበላሽቷል?

ጨጨብሳ_በማር፦
ሰላም ቤተኞች። ትናንት ማታ ሰሃን እያጠብኩ ዩቲዩብ በራሱ ፈቃድ ወደማላውቀው ነገር ወሰደኝ። መጀመሪያ አንዲት ድምፅ ብቻ ነበረች። ቀጥ ያለች፣ የንብ መንጋ ከሩቅ ሲሰማ የምትመስል። ከዚያ መሰንጠቅ ጀመረች። ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት እየተንሸራተተ ሄዶ ሄዶ የሳይረን ጩኸት የመሰለ ነገር ሆነ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ እጄን ሳልጠርግ ሮጥኩ። ለካ ሙዚቃው ራሱ ነው። ስሙ ሜታስታሲስ ይላል፣ እሱም የካንሰር ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ። ያኒስ ክሴናኪስ የሚባል ግሪካዊ በ1954 የጨረሰው ነው አሉ።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። ይሄ ሙዚቃ ነው? ከልቡ የሚወደው ሰው አለ ወይስ የተማረ ለመምሰል ነው የሚሰማው? እንዳትሰድቡኝ፣ የምሬን ነው። ደግሞ ከስር አስተያየት የሰጡት ሁሉ ስለ ሒሳብ ነው የሚያወሩት። እሱ ይበልጥ አስፈራኝ።

ፒያሳ79፦
ጫጫታ ነው። ቀጣይ ጥያቄ?

ስትራክቸራል፦
@ፒያሳ79 አትቸኩል ወንድሜ።

@ጨጨብሳ እኔ ሰውየውን ያገኘሁት በሌላ በር ነው። ሙዚቃ አላጠናሁም፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ተማሪ እያለን አንድ መምህራችን የአንድ ሕንፃ ፎቶ አሳየን፣ ብራስልስ ላይ ለ1958ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ የፊሊፕስ ኩባንያ ድንኳን። ድንኳን የምለው ስለሚመስል ነው እንጂ ኮንክሪት ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም፣ ሦስት ሹል ጫፎች ወደ ሰማይ የተወደሩበት። የቅርፊቱ ውፍረት 5 ሳንቲሜትር ብቻ። ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። መምህሩ ከዚያ «ይሄን የነደፈው ሰው አስቀድሞ በቫዮሊን ነው የሠራው» አለን። ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ቀልድ አልነበረም። እንዲህ አስቢው። ሁለት ዱላ ያዢ፣ አንዱን ቀጥ አድርጊ፣ ሌላውን አዘንብዪ። ከአንዱ ዱላ ወደ ሌላው ብዙ ክር በእኩል ርቀት ወጥሪ። እያንዳንዱ ክር ቀጥ ያለ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ስታዪው ግን እንደ ኮርቻ የተጠማዘዘ ገጽ ታያለሽ። ሃይፐርቦሊክ ፓራቦሎይድ የሚሉት ይሄ ነው። አሁን በወረቀት ላይ አግድሙን ጊዜ አድርጊው፣ ቁመቱን የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት። እያንዳንዱ ቫዮሊን ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ጣቱን ከክሩ ሳያነሳ ወደ ሌላ ድምፅ ሲንሸራተት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ሜታስታሲስ ላይ 61 ሰው ይጫወታል፣ 46ቱ ባለ ክር መሣሪያ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኖታ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ 46 ቀጥ ያለ መስመር አለሽ፣ ጆሮሽ የሚሰማው ግን የተጠማዘዘውን ገጽ ነው። አንቺ የሰማሽው «መሰንጠቅ» ያ ነው። ከዓመታት በኋላ ያው ሥዕል ብራስልስ ላይ ሕንፃ ሆነ።

ሰባተኛ_ፎቅ፦
የመንሸራተቱን ነገር ማሲንቆ የሚሰማ ሰው ያውቀዋል እኮ። ልዩነቱ አንድ ማሲንቆ ሳይሆን 46 ማሲንቆ፣ ሁሉም ወደየፊናው። ይሄን ሳስበው እኔም ፈራሁ ሃሃሃ።

ጨጨብሳ_በማር፦
@ስትራክቸራል ዱላውን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን ሥዕሉ ያማረ ስለሆነ ድምፁም ያምራል ማለት ነው? የቤት ፕላን በዜማ አይዘፈንም እኮ።

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ይሄን ሰውዬ ከሚወዱት ነኝ፣ የተማርኩ ለመምሰልም አይደለም፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ግን ከሒሳቡ ከተነሳችሁ ትስቱታላችሁ። ከፊቱ ተነሱ። ፎቶውን ፈልጊና እዪ። የግራ ጉንጩ የተሰባበረ ነው፣ የግራ ዓይኑ የለም።

ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ሥራ የምገባው ማታ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው ሮማኒያ ነው፣ ብራይላ የምትባል የዳኑብ ወንዝ ወደብ፣ 1922 (አንዳንድ ቦታ 1921 ይላል)። ቤተሰቡ ግሪኮች፣ አባቱ ነጋዴ። እናቱ አምስት ዓመቱ ላይ ሞተችበት። አሥር ዓመት ሲሞላው ግሪክ አገር ስፔትሰስ ደሴት ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ አቴንስ፣ ፖሊቴክኒክ፣ ምሕንድስና። የገባው 1940 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 28 ጣልያን ግሪክን ወረረ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ጀርመኖች መጡ። ልጁ የኮሙኒስቶቹ የተቃውሞ ትግል ውስጥ ገባ። ሰልፍ፣ እስር፣ ረሃብ።

ጀርመኖች ሲወጡ ነገሩ አላበቃም። የፋሺስቶቹ ጠላቶች እርስ በርስ ተፋጠጡ። ዲሴምበር 1944 አቴንስ መንገድ ላይ ጦርነት ሆነ፣ በአንድ ወገን ግራ ዘመሞቹ ታጋዮች፣ በሌላው መንግሥቱና የእንግሊዝ ጦር። ክሴናኪስ ከተማሪዎች ጓድ ጋር ነበር። ጓዱ በማን ስም ይጠራ ነበር ብትሉ በሎርድ ባይረን፣ በእንግሊዛዊ ገጣሚ! አዲሱ ዓመት በገባበት ሰሞን የእንግሊዝ ታንክ የተኮሰው ጥይት ያሉበትን ቤት መታው። አብረውት የነበሩት ሞቱ። እሱ ግማሽ ፊቱ ተወሰደ። የሞተ መስሏቸው ነበር ይባላል።

ከዚያም ቢሆን ዲግሪውን ጨረሰ። ግን የቀድሞ ታጋዮች እየታደኑ ወደ ደሴት እስር ቤት ይጋዙ ነበር። 1947 በሐሰት ፓስፖርት በጣልያን በኩል ፓሪስ ገባ። ሀገሩ በሌለበት ሞት ፈረደችበት። እስከ 1974 አልተመለሰም። 27 ዓመት ማለት ነው።

አሁን ያን ሳይረን እንደገና ስሚው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ የውይይቱን ክር ርዕስ አይቼ ልዘለው ነበር፣ ይቺን የጣልያን ነገር ሳይ ተቀመጥኩ። እኛ ስለ ጣልያን ስናወራ ጎረቤቱ ላይ ምን እንዳደረገ እንረሳለን። ያው ሙሶሊኒ ነው። እኛን በ1935 ወረረ፣ ግሪክን በአምስት ዓመቱ። ግሪኮቹ መጀመሪያ ላይ አልባንያ ድረስ ገፍተው አሳፍረውት ነበር። አቴንስ በጀርመን እጅ የወደቀችው በ1941 ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ከዚያ በሳምንቱ፣ ሜይ 5። እኛ ስንወጣ እነሱ ገቡ ማለት ነው። እኛን ረድቶ ጣልያንን ያስወጣው እንግሊዝ ደግሞ የዚህን ልጅ ፊት በታንክ መታው። የታሪክ ነገር እንዲህ ነው፣ ለአንዱ ነጻ አውጪ፣ ለሌላው…

ሙዚቃውን ግን አልሰማሁትም፣ ለልቤም አይሆነኝ።

ጨጨብሳ_በማር፦
ጋሼ፣ እርስዎ ባይሰሙት ይሻላል ሃሃ። አመሰግናለሁ፣ ይሄን ጎን ጎን አድርጌ አስቤው አላውቅም።

ፒያሳ79፦
ታሪኩ ያሳዝናል፣ ነፍሱን ይማር። ግን የሰው ቁስል ሙዚቃውን አያጣፍጠውም። አሳዛኝ ሕይወት የኖረ ሁሉ ጥሩ ሙዚቀኛ ቢሆን ኖሮ የኛ ሰፈር ስንት ሞዛርት ይወጣው ነበር። ጥያቄው ጆሮ ላይ ነው።

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
@ፒያሳ79 ይሄን ትክክል ብለሃል። «ስለተጎዳ ውደዱት» ማለቴ አይደለም። እኔ የምለው ድምፁን ያገኘው እዚያ ነው። ሰውየው ራሱ በ1963 ባወጣው መጽሐፍ ጽፎታል። የፖለቲካ ሰልፍ አስቡ ይላል። ብዙ ሺህ ሰው አንድ መፈክር በአንድ ምት ይጮሃል። ከፊት ሌላ መፈክር ይነሳል፣ እየተንከባለለ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የመጀመሪያውን እየዋጠ። ከተማው በሙሉ በዚያ ምት ይሞላል። ከዚያ ሰልፉ ከጠላት ጋር ይጋጠማል። ምቱ ይፈርሳል። መፈክሩ ወደ ጩኸት ይበተናል፣ በላዩ ላይ መትረየስ ይጨመራል፣ የጥይት ፉጨት ይጨመራል። ሕዝቡ ይበተናል። በመጨረሻ ፀጥታ፣ ሞትና አቧራ።

እና እንዲህ ይጠይቃል (በራሴ አባባል)፦ ከሥርዓት ወደ ትርምስ የተኬደበት ያ መንገድ ሕግ አለው ወይ? ፖለቲካውን አውጥታችሁ ድምፁን ብቻ ብትወስዱት ያው ሕግ ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት በበጋ ሲጮሁም፣ ዝናብና በረዶ ጠንካራ ነገር ላይ ሲወርድም አለ ባይ ነው።

ሰባተኛ_ፎቅ፦
ቆይ ቆይ። ዝናብ ጠንካራ ነገር ላይ? የቆርቆሮ ጣሪያ ማለት ነዋ! እኛ እንደሱ እኮ በነፃ ሰምተን ነው ያደግነው። አሁን ያለሁበት ፎቅ ላይ ነው የጠፋብኝ። መጀመሪያ ጠብ፣ ጠብ። አንዷን ጠብታ ለብቻዋ ትሰሚያታለሽ። ከዚያ ትበዛለች፣ ጠብታ መሆኗ ቀርቶ አንድ ትልቅ ድምፅ ትሆናለች። በረዶ ሲጨምርበት እናትሽ አጠገብሽ ሆና ብትጮኽም አትሰሚም። ያችን አንዷን ጠብታ እዚያ ውስጥ ፈልጊ ብትባዪ ትችያለሽ? አትችዪም። ግን «አሁን ጨመረ፣ አሁን ሊያባራ ነው» ማለት ትችያለሽ።

ስትራክቸራል፦
@ሰባተኛ_ፎቅ ወንድሜ፣ ፕሮባቢሊቲን በአንድ አንቀጽ አስተማርክ። መምህሮቻችን አንድ ሴሚስተር ፈጅቶባቸዋል።

እንዲያውም ቀጥሎ የጻፈው ሥራ ልክ ይሄ ነው፣ ፒቶፕራክታ ይባላል፣ በ1957 ሙኒክ ላይ ኸርማን ሼርኸን መርቶ ያሰማው። ሲጀምር ተጫዋቾቹ ክሩን አይነኩም፣ የመሣሪያውን እንጨት በጣታቸው ይመታሉ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብጠብጠብ። ቆርቆሮ! ከዚያ በጋዝ ፊዚክስ ቀመር ይሄዳል። በአንድ ክፍል አየር ውስጥ ያለችው አንዷ ሞለኪውል በምን ፍጥነት ወዴት እንደምትሄድ ማንም አይነግርህም። የክፍሉን ሙቀት ካወቅህ ግን ስንት እጁ በዚህ ፍጥነት፣ ስንት እጁ በዚያ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ማክስዌልና ቦልትዝማን የተባሉ የፊዚክስ ሊቆች ያወጡት ሕግ ነው። ክሴናኪስ እያንዳንዱን ቫዮሊን ሞለኪውል አደረገው፣ የሚንሸራተትበትን ፍጥነት በዚያ ሕግ አደላደለ። አንዱ ተጫዋች ምን እንደሚያደርግ አትገምትም፣ አጠቃላዩ ግን «ይሞቃል» ወይም «ይበርዳል»። ስቶካስቲክ (በፕሮባቢሊቲ የሚሄድ) ሙዚቃ ያለው ይሄን ነው።

ጨጨብሳ_በማር፦
እሺ አሁን እየገባኝ መጣ። ግን አንድ ነገር፣ ለምን ዝም ብሎ በስሜቱ አልጻፈውም? ዝናብ እንዲመስል ከፈለገ «እንደ ዝናብ ተጫወቱ» ብሎ ቢያዝ አይበቃም?

ስትራክቸራል፦
ሰው ዘፈቀደ መሆን አይችልም። 46 ሰው «እንደፈለጋችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ» ብትያቸው ቆይተው አንድ ምት ላይ መግጠም ይቀናቸዋል፣ እንደ ጭብጨባ። ሞክሪው ብታምኚም ባታምኚም። ትክክለኛውን ትርምስ ለማግኘት በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። አስቂኙ ነገር ያ ነው፣ ከወታደር ሰልፍ ይበልጥ ትርምስ ነው ሥርዓት የሚፈልገው።

የማህሌት_ጎን፦
ሰላም፣ ከጎን ገባሁ። ይሄ መንሸራተትና የድምፅ ደመና ከቅዱስ ያሬድ ዜማ የመጣ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ግሪኮች ኦርቶዶክስ ናቸው፣ እኛም ነን፣ ፈረንጅ ደግሞ ከኛ ወስዶ አይናገርም።

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
@የማህሌት_ጎን በፍቅር ልቃወምህ። ልጅ ሆኖ የባይዛንታይን ቅዳሴ ዜማ ሰምቷል፣ ስለ ጥንታዊው የግሪክና የባይዛንታይን ዜማ አወቃቀርም ጽፏል። ከያሬድ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። የኛ ዜማ በራሱ ትልቅ ነው፣ የሰው ሥራ አባት ማድረግ አያስፈልገውም።

ከአዲስ አበባ ጋር በእውነት የሚገናኝ የዚያ ዘመን አዲስ ሙዚቃ ሰው ከፈለግህ ሃሊም ኤል ዳብን ፈልግ። ግብጻዊ ነው፣ በ1944 ካይሮ ላይ በሽቦ መቅረጫ ድምፅ ቀድቶ እያዛባ ሙዚቃ የሠራ፣ እንደዚሁ በተቀዳ ድምፅ ከሠሩት ከፓሪሶቹ ቀድሞ። በ60ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። የሱ ክር ግን ለብቻው ይከፈት።

የማህሌት_ጎን፦
እሺ ተቀበልኩ። ኤል ዳብን አላውቀውም ነበር፣ ክሩን ክፈትልና።

ፒያሳ79፦
እኔ አሁንም ሰማሁት። ሁለት ጊዜ። (አዎ፣ እልኸኛ ነኝ።) ሁለተኛው ላይ መጀመሪያዋን ደቂቃ ወደድኳት። ከዚያ መሃሉ ላይ ጠፋሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ይሄ ሰው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቷል ወይ? ኢንጂነር ዝም ብሎ ተነስቶ ኦርኬስትራ ይጽፋል እንዴ?

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
@ፒያሳ79 ይቺን ነው የምወዳት። አልገባም ማለት ይቻላል። ፓሪስ ሲደርስ ሥራ ያገኘው ሌ ኮርቡዚዬ ቢሮ ነው፣ ያ ትልቁ አርክቴክት። መጀመሪያ የማርሴዩን ግዙፍ አፓርታማ ኮንክሪት እያሰላ። ማታ ማታ ሙዚቃ ይጽፋል፣ መምህር ይፈልጋል። አቀናባሪው ኦኔገር ጋ ሄደ፣ ተጣሉ፣ የተከለከለ የድምፅ አካሄድ ጽፈሃል ተባለ። የታወቀችው የሙዚቃ መምህርት ናድያ ቡላንዤ ጋ ሄደ፣ እሷም ገና ከሀ ሁ የሚጀምር ሰው አልፈለገችም። ሠላሳ ሊሞላው ነው። ፊቱ የተሰባበረ ስደተኛ።

ከዚያ አቀናባሪው ኦሊቪዬ መሲያን ጋ ሄደ። አርሞኒና ኮንተርፖይንት (ድምፆችን አንድ ላይ የማዋሃድ ትምህርት) ከመጀመሪያው ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀው። መሲያን ሌላውን ሁሉ ተማሪ «አዎ» የሚል ሰው ነው። ለዚህ ግን አይ አለው። ዕድሜህ ወደ ሠላሳ ነው፣ ግሪካዊ ነህ፣ አርክቴክት ነህ፣ ሒሳብ ተምረሃል፣ ይሄ ዕድልህ ነው፣ ሙዚቃህን በዚህ ሥራ አለው። እኔ ይሄን ሳነብ ሁሌ ሆዴ ይባባል። መምህር ማለት ይሄ ነው። የጎደለህን ትቶ ያለህን የሚያይ።

ሜታስታሲስ በ1955 ጀርመን ዶናውኤሺንገን ላይ ሲሰማ ተሰብሳቢው ተንጫጫ። የዚያ ዘመን ወጣት አቀናባሪዎች ደግሞ አልወደዱትም፣ ምክንያቱም በዚያው ዓመት በጽሑፍ እነሱን ነክቷል። «የምትጽፉት እያንዳንዱ ድምፅ በቁጥር ተቆጥሮ ተሰፍሮ ነው፣ ሰሚው ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን የተደበላለቀ ክምር ነው። ክምር ከሆነ ለምን ክምሩን ራሱን አንቀርጽም?» ዓይነት ነገር ነው ያላቸው። ትክክል ነበር በበኩሌ።

ስትራክቸራል፦
የሌ ኮርቡዚዬንም ጨርሰው እንጂ። የብራስልሱን ድንኳን የነደፈው ክሴናኪስ ነው፣ ስሙ የወጣው የአለቃው ነበር። ተከራክሮ ነው ስሙ ከጎን እንዲጻፍ ያደረገው። በዓመቱ በ1959 ከእረፍት ሲመለስ የቢሮው ቁልፍ ተቀይሯል! ከ12 ዓመት አገልግሎት በኋላ። ሕንፃውም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ፈረሰ፣ ለኤግዚቢሽኑ ብቻ ነበር የተሠራው። ሊዮን አጠገብ ያለው የላ ቱሬት ገዳም ግን እስከ ዛሬ አለ። የመስኮቶቹ መስታወት ቋሚዎች አንዴ ይጠጋጋሉ አንዴ ይራራቃሉ፣ እንደ ምት። በመተላለፊያው ስትሄዱ በዓይናችሁ ትሰሙታላችሁ። እሱም የክሴናኪስ እጅ ነው።

ሰባተኛ_ፎቅ፦
የቁልፍ መቀየሯን ነገር እናውቃታለን። አለቃ የትም አለቃ ነው።

ዝምተኛዋ፦
ሁለት ዓመት አንብቤ ዛሬ መጻፌ ነው። ሁላችሁም እንደ ጻድቅ እያወራችሁት ስለሆነ አላስቻለኝም። ሰውየው በ1971 የኢራኑ ሻህ መንግሥት ለሚደግፈው የሺራዝ ፌስቲቫል ነው ፐርሰፖሊስ የሚባለውን ሥራ የሠራው። ሳቫክ የሚባለው የስለላ ድርጅት ግራ ዘመም ተማሪዎችን እያሠረ በሚያሰቃይበት ጊዜ። እሱ ራሱ ግራ ዘመም ተማሪ ሆኖ ሞት የተፈረደበት ሰው። ይሄስ?

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
@ዝምተኛዋ እንኳን ደህና መጣሽ፣ አመጣጥሽም ከባድ ነው። ልክ ነሽ፣ ያኔም ተወቅሶበታል፣ በጋዜጣ መልስ እስከ መጻፍ ደርሷል። እኔም አልከላከልለትም። ሥራውን ግን እሰማዋለሁ። በጥንታዊቷ የፋርስ ከተማ በፐርሰፖሊስ ፍርስራሽ መሃል በምሽት፣ በቴፕ የተቀዳ አንድ ሰዓት ገደማ የሚሄድ ድምፅ፣ ሌዘርና እሳት። ተማሪ ልጆች ችቦ ይዘው ኮረብታ ይወርዳሉ፣ በመጨረሻ በችቦው በፋርስኛ «የምድርን ብርሃን እንሸከማለን» ብለው ይጽፋሉ። አንዳንዱ ወደደው፣ አንዳንዱ ፐርሰፖሊስን ያቃጠለው የእስክንድር እሳት ታወሰው።

ከዚያ በፊት በ1967 የግሪክ ኮሎኔሎች ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ኑዊ የሚባል ለ12 ድምፅ የተጻፈ ሥራ ሠርቶ ለፖለቲካ እስረኞች ሰጥቶታል፣ የአንዳንዶቹን ስም ጠርቶ፣ ስማቸው ለተረሳው ሺዎችም ብሎ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። ምን ልበልሽ።

ጡረተኛው፦
ፐርሰፖሊስ! ይቺን ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የፋርስ 2500 ዓመት በዓል ሲከበር ጃንሆይ እዚያው ፍርስራሽ አጠገብ በተተከለው የድንኳን ከተማ ከነገሥታቱ ጋር ተገኝተዋል። ሬድዮው አልበቃ ብሎት ነበር። የእናንተ ሰውዬ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ በዚያው ቦታ ሲጮህ ነበራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃንሆይ ወረዱ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ሻሁ።

ዝምተኛዋ፦
@ኮሎኝ መልስህ አላረካኝም ግን አልዋሸህም፣ እሱ ይበቃኛል። ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ፒያሳ79፦
ሀገሩ ሲመለስስ? 27 ዓመት አልክ። እዚያ ላይ አቋረጥከው።

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
1974 ኮሎኔሎቹ ሲወድቁ ተመለሰ። በ1978 ማይሲኔ የሚባለው የጥንት ፍርስራሽ ላይ ትልቅ ትርዒት ሠራ። ይሄን ስሙኝ። ፍየሎች! መብራትና ቃጭል የታሰረላቸው ፍየሎች በጨለማ ኮረብታው ላይ ይሰማራሉ፣ ከሩቅ ሲታዩ ኮከብ የሚራመድ ይመስላሉ። ሰማዩን የሚያበሩት ደግሞ የጦሩ የአውሮፕላን መቃወሚያ መብራቶች ናቸው። ያ ሞት የፈረደችበት ሀገር ጦር ነው።

ስሙን ታውቃላችሁ? ክሴኖስ በግሪክ እንግዳ፣ ባይተዋር ማለት ነው። ክሴናኪስ ትንሹ ባይተዋር። ከራሴ ጋር ሳወራ «እንግዳው» ነው የምለው። ሚስቱ ፍራንሷዝ ፈረንሳዊት ደራሲ ነበረች። የበጋ እረፍታቸውን ኮርሲካ ደሴት ላይ ነበር የሚያሳልፉት፣ ባሕሩ ሲናወጥ እሱ ጀልባ ይዞ ይወጣ ነበር፣ ሌላው ሲመለስ።

ጨጨብሳ_በማር፦
በቃ ማረከኝ። ከዚህ ቀጥሎ ምን ልስማ? በቀላሉ የሚገባ ነገር፣ ሒሳብ የማይጠይቅ።

ስትራክቸራል፦
ሒሳቡን ለመስማት አያስፈልግሽም። እሱ ራሱ እኮ ቀመሩ የሰጠውን ጆሮው ካልወደደው በእጁ ይቀይረው ነበር። በ1962 አይቢኤም ኮምፒውተር አስልቶ ባወጣለት ሥራ ላይ እንኳ ነካክቷል። ሒሳብ የሚያመልኩት ይሄን ሲሰሙ ይከፋቸዋል።

ኮሎኝ_ከሰዓት፦
ከበሮ ጀምሪ። ረቦንድ፣ ለአንድ ሰው። ኦኮ ደግሞ ለሦስት ጀምቤ የተጻፈ ነው፣ የምዕራብ አፍሪካ ከበሮ ላይ፣ ከ1989። ከዚያ ፐርሴፋሳ፣ ስድስት ከበሮ መቺ ተመልካቹን ከብበው። እኔ የገባኝ እሱ ላይ ነው። ጓደኛዬ ትርፍ ቲኬት ነበረው፣ ቅዝቃዜ ሸሽቼ ነው የገባሁት። ወደ መጨረሻው ላይ ምቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ክቡን ይዞራል፣ ይፈጥናል፣ ይፈጥናል፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት ወንበራቸውን ጨብጠው ይስቁ ነበር። ቪዲዮ ላይ ግማሹ ይቀራል፣ ቢሆንም።

ፒያሳ79፦
ኦኮን ሰማሁ። እሺ። ይሄ ሙዚቃ ነው። ሜታስታሲስ ላይ ያልኩትን ግን አላነሳም።

ሰባተኛ_ፎቅ፦
ታሪካዊ ቀን ነው፣ ስክሪንሻት አድርጉ።

ስትራክቸራል፦
@ጨጨብሳ ኮንክሬ ፒ ኤች የሚባለውን ሥራውንም አትርሺ። ብራስልሱ ድንኳን ውስጥ አንዱ ተመልካች ወጥቶ ሌላው ሲገባ የሚሰማ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። ከምን እንደተሠራ አልነግርሽም። በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን በድምፅ ማጉያ ስሚው፣ ከዚያ ገምቺ።

ጨጨብሳ_በማር፦
ሰማሁት! አሁን ከሳሎን ነው የምጽፈው። መጀመሪያ መስታወት የሚረግፍ መሰለኝ፣ ከዚያ የዝናብ ጠብታ፣ ከዚያ አላወቅኩም ብዬ ልጽፍልህ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ሆና «ማነው ከሰል ያቀጣጠለው? ስኒው እንኳ አልታጠበም!» አለች።

ስትራክቸራል፦
እማማን ሳሚልኝ። የሚነድ ከሰል ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም።